ለደከመ የጤና ባለሙያ የቱ መፍትሔ ይቅደም? ለጅማና ለአካባቢዋ የጤና ተቋማት የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ይህ መመሪያ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮች ውስጥ የሥራ ፕሮግራም ለሚያወጡና በጀት ለሚመድቡ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ለሜትሮኖች (ለነርሶች ኃላፊዎች)፣ ለክፍል አስተባባሪዎች፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሮችና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች። ባለሙያው እንደሚደክም የሚክድ የለም። ክርክር የሚነሣው ያለው ጥቂት ገንዘብና ጥቂት የሰው ኃይል በየትኛው መፍትሔ ላይ ይዋል በሚለው ነው። የተረኝነት ሰዓት ማሳጠር፣ በሌሊት የማሸለቢያ ጊዜ መፍቀድ፣ ረዳት ሠራተኛ መቅጠር፣ የባልደረቦች የውይይት ቡድን ማቋቋም፣ የሥነ ልቦና ምክር ማመቻቸት፣ ሥልጠና መስጠት፣ የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያን ማስተካከል፣ እነዚህ ሁሉ በስብሰባ ላይ የሚቀርቡ አማራጮች ናቸው። ሁሉም መልካም ይመስላሉ፤ በዋጋም ሆነ በውጤት ግን እኩል አይደሉም።

እኔ አማራጮቹን የማወዳድርበት ዋና መለኪያ አንድ ነው፦ ባለሙያው በሚያርፍበት ሰዓት ሥራውን ማን ይረከባል? ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ያለው አማራጭ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም ይሠራል። መልስ የሌለው አማራጭ ግን የቱንም ያህል ያማረ ስም ቢሰጠው ሥራውን ከአንዱ ትከሻ አንሥቶ በሌላው ላይ ይጭናል፤ አለዚያም ያረፈውን ሰው በማግስቱ የተጠራቀመ ሥራ ይዞ ይጠብቀዋል።

አስቀድሞ የድካሙን ዓይነት መለየት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው 11ኛው የዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በርንአውት የሚባለው የሙያ መዛል ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ሆኖ ተመዝግቧል። መነሻውም በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና ነው ይላል። መለያዎቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ጨርሶ የመሟጠጥ ስሜት፣ ከሥራው በአእምሮ መራቅ ወይም ሥራውን ማማረርና መናቅ፣ እንዲሁም በሙያው ውጤታማ አይደለሁም የሚል ስሜት። ከዚህ የተለየው ደግሞ ተራው የእንቅልፍ እጦት ነው፤ እርሱ በእንቅልፍ ይድናል።

ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። አንዲት ነርስ ሁለት ሌሊት በደንብ ተኝታ ስትመለስ እንደ ቀድሞዋ ከሕመምተኞቿ ጋር የምትጫወት፣ ሥራዋን በፍላጎት የምትጀምር ከሆነ ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ነው። ተኝታም፣ ፈቃድ ወጥታም ስትመለስ ሕመምተኛውን በአልጋ ቁጥር ብቻ የምትጠራ፣ የሚጠይቃትን አስታማሚ ቀና ብላ የማታይ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከእንቅልፍ አልፏል። በአገራችን ስለ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል፤ ዓላማውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ሰው ርኅራኄው የሚደርቀው ሥልጠና ስላነሰው አይደለም። ይህን ሳይለዩ መፍትሔ መምረጥ እንቅልፍ ላጣው ሰው ምክር፣ ውስጡ ለዛለው ሰው ደግሞ አንድ የዕረፍት ቀን መስጠትን ያስከትላል።

24 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ወይስ 8 ሰዓት?

ከሁሉ በላይ ጊዜ ወስዶ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ምርጫ ነው። ሰው ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ ሲቆይ የትኩረትና የቅልጥፍና አቅሙ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ እንደሚጠጋ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን አንድ ሆስፒታል የፅኑ ሕሙማን ክፍሎች በተደረገ ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚዘልቅ ተረኝነት የሚሠሩ ኢንተርኖች (ጀማሪ ተለማማጅ ሐኪሞች) ረጅሙ ተረኝነት ከቀረላቸው ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የበዛ ከባድ የሕክምና ስሕተት ፈጽመዋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሰዓቱን ማሳጠር ነው።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ፣ በስድስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍሎች ላይ በተካሄደ ሌላ ጥናት ሰዓታቸው ያጠረላቸው ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ስሕተታቸው ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር በአጭሩ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ሐኪም የሚደርሰው የሕመምተኛ ቁጥር በዝቶ ነበር፤ ይህ ልዩነት ሲሰላ አጭሩ ሰዓት በራሱ ለስሕተቱ መጨመር ምክንያት ሆኖ አልታየም። ለእኛ ከሁለቱ ጥናቶች የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሰው ሳይጨምሩ ሰዓት ብቻ መቁረጥ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ያሳያልና።

ስለዚህ ከመወሰን በፊት ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። አንድ የሥራ ቦታ፣ ለምሳሌ በማዋለጃ ክፍል የአንዲት ሚድዋይፍ ቦታ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሌት ተቀን እንዲሸፈን ከተፈለገ 168 ሰዓት ነው። ባለሙያዋ በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ ከሆነ 4.2 ሰው ይፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታከልበት ከአምስት ሰው በታች አይበቃም። ሦስት ሚድዋይፎች ብቻ ያሉት ጤና ጣቢያ የ8 ሰዓት ፈረቃ ልጀምር ቢል እያንዳንዷ በሳምንት 56 ሰዓት ትሠራለች፤ አንዷ ስትታመም ደግሞ የቀሩት ሁለቱ 84 ሰዓት ይደርሳሉ። ፈረቃው አጠረ ተብሎ ድካሙ የሚጨምረው እንዲህ ነው።

የ24 ሰዓት ተረኝነት ጥቅሙ ርክክብ መቀነሱና ባለሙያው በምሽት መንገድ ላይ አለመውጣቱ ነው። ሌሊቱን ብዙ ሕመምተኛ በማይመጣበትና ተረኛው በእርግጥ መተኛት በሚችልበት ጤና ጣቢያ ይህ አሠራር ያን ያህል አይጎዳም። ከከፋ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉባቦር ሳይቀር ሪፈር የሚመጣበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን በመሰለ ቦታ ግን ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊት አይተኛም፤ በእንዲህ ያለ ክፍል የ24 ሰዓት ተረኝነት የመጨረሻዎቹ ስምንት ሰዓታት ለሕመምተኛውም ለባለሙያውም አደገኛ ናቸው።

የ8 ሰዓቱ ፈረቃ ለእንቅልፍ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሆኖም በቀን ሦስት ርክክብ ይፈልጋል፤ ፈረቃው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚቀያየር ከሆነም ወደ ቆጪ ወይም ወደ ጅሬን አቅጣጫ የምትኖር ነርስ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ ትወጣለች። በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መባቻ ስለሚዘልቅ፣ በእነዚህ ወራት ምሽት ላይ ባጃጅ ማግኘት ራሱ ሌላ ሥራ ነው። ሰርቪስ ማቅረብ የማይችል ተቋም ይህን ፈረቃ ሲመርጥ የሴት ባለሙያዎቹን ደኅንነትም እየወሰነ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የ12 ሰዓቱ ፈረቃ በመካከል ይገኛል፤ ርክክቡ ጠዋትና ማታ በ1 ሰዓት ቢሆን ጎሕ ከቀደደ በኋላና ገና ሳይጨልም ወይም እንደጨለመ ስለሚውል መንገዱ ይቀላል። ጉዳትም አለው። በ12 የአውሮፓ አገሮች ነርሶች ላይ በተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩት ሳይሠሩት የሚቀር እንክብካቤ እንዳለና የክፍላቸው የአገልግሎት ጥራት ዝቅ እንደሚል በብዛት ተናግረዋል። በእኔ ግምት በጅማ ላሉ አብዛኞቹ የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች 12 ሰዓት የሚሻለው በሁለት ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ ተከታታይ ሌሊቶች ከሦስት ሳይበልጡ፣ በሌሊቱም መሐል የታወቀ የማረፊያ ጊዜ ሲኖር። ፈረቃ ሲዘዋወርም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ወደፊት ይሂድ፤ ከሌሊት ወደ ኋላ የሚመለሰው ቅደም ተከተል ለሰውነት ይከብዳል።

ኢንተርኖችንና ሬዚደንቶችን በሚመለከት የማስተማር ልማዱ በአንድ ጊዜ ይለወጣል ብዬ አልጠብቅም። ቢያንስ ግን አድሮ የወጣ ሐኪም ከራውንድ (ሕመምተኞችን በየአልጋው ዞሮ ከማየት) በኋላ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በእርግጥ ከግቢ መውጣት አለበት። በብዙ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የዲዩቲ ማግስት እረፍት በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል፤ ካርድ የሚሞላና ናሙና የሚከታተል ሌላ ሰው ስለማይኖር ግን ያደረው ሰው እስከ ከሰዓት ይቆያል። ለዚህ መድኃኒቱ የርክክብን ሥርዓት ማስያዝ ነው። አይ-ፓስ የተባለው የርክክብ ቅደም ተከተል (የሕመሙ ክብደት፣ የሕመምተኛው አጭር ታሪክ፣ የሚቀሩ ሥራዎች፣ ሊያጋጥም የሚችል ነገርና መልሱ፣ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን መልሶ መናገሩ) እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የዘጠኝ ሆስፒታሎች ጥናት የሕክምና ስሕተትን በ23 በመቶ ቀንሷል። ወጪው አንድ ገጽ ቅጽና ጥቂት ልምምድ ነው።

የግል ክሊኒክ ባለቤቶች ደግሞ የሕግ ግዴታም አለባቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቀን በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማታ በግል ክሊኒክ የሚሠራ ባለሙያ የሁለቱ ድምር ስንት እንደሆነ ሁለቱም አሠሪዎች አያዩትም፤ ሰውነቱ ግን ይደምረዋል።

የዲዩቲ ክፍያ ወይስ እረፍት?

ብዙ ቅን ኃላፊዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ይህ ነው። የተረኝነት ሰዓት ሲቀነስ ባለሙያው ደስ ይለዋል ብለው ይጠብቃሉ፤ እርሱ ግን ይቃወማል። የቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ ለወላጅ የሚላከው ገንዘብ የሚወጣው ከዲዩቲ ክፍያው ስለሆነ ተቃውሞው ትክክለኛ ነው። ደመወዙ ባልተለወጠበት ሁኔታ ዲዩቲውን መቁረጥ ባለሙያውን ወደ ግል ክሊኒክ የማታ ሥራ ይገፋዋል፤ በዚያ የሚያሳልፈው ሌሊት ደግሞ ከማንም ፕሮግራም ውጭ ነው።

ሁለት ነገሮችን መለየት ይጠቅማል። የተረኝነቱን ቅርጽ መለወጥ ከጠቅላላ ሰዓቱ ጋር አንድ አይደለም። ክፍያው በሰዓት የሚሰላ ከሆነ አንድ የ24 ሰዓት ተረኝነት ለሁለት ሰዎች ሁለት የ12 ሰዓት ተረኝነት ሲሆን በወሩ መጨረሻ የማንም ገቢ አይጎድልም፤ አንዱ ሳያርፍ የሚሠራው ረጅም ጊዜ ግን በግማሽ ይቀንሳል። ጠቅላላ ሰዓት መቀነስ የሚገባው ክፍያው በሌላ መንገድ ሲካካስ ነው። ስለዚህ ለደከመ ክፍል መጀመሪያ ቅርጹን መለወጥ፣ ቀጥሎ ክፍያው በወቅቱ እንዲደርስ ማድረግ፣ ሰዓት መቀነስን ደግሞ የሰው ኃይል ሲጨመር ማምጣት ይሻላል። ዲዩቲ ሠርቶ ክፍያው ለወራት የሚዘገይበት ባለሙያ ሌላ ማንኛውንም የደኅንነት ፕሮግራም በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። ባለሙያዎች ተረኝነት እርስ በርስ መሸጣቸውና መለዋወጣቸው ሊቀር ስለማይችል መከልከሉ አይረባም፤ ማንም በተከታታይ ከሁለት በላይ ተረኝነት እንዳይገዛ መገደብ ግን ይቻላል።

በሌሊት፦ ማሸለብ፣ ቡና ወይስ ጫት?

ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰው ንቃት ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል። በማዋለጃ ክፍል ይህን በቅርብ ማየት ይቻላል። ምጧ የገፋ እናት የፅንሷ ልብ ምት በየ30 ደቂቃው ተደምጦ በፓርቶግራፉ (በምጥ መከታተያው ሠንጠረዥ) ላይ ነጥብ መደረግ አለበት፤ አራት እናቶችን የምትከታተል ሚድዋይፍ በየሰባትና ስምንት ደቂቃው አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች ማለት ነው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የተሞላው ፓርቶግራፍ ነጥቦቹ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ክፍተት ይታያል፤ ወይም ሦስት ነጥቦች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞሉ መሆናቸው ያስታውቃል።

ቡና በጅማ ከማንም ቦታ በቅርብ የሚገኝ መፍትሔ ነው፤ ያነቃል፣ ጉዳቱም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በደም ውስጥ ስለሚቆይ፣ ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ጠንካራ ስኒ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቤት ገብቶ ሊተኛ ያለውን ሰው እንቅልፍ ይነሳዋል። ቡና በተረኝነቱ መጀመሪያ ይጠጣ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ይቁም። ጫት በአካባቢያችን ስለሚበቅልና በቀላሉ ስለሚገኝ ተረኝነትን ለመግፋት የሚጠቀሙበት ባለሙያዎች አሉ። በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የሚቀጥለውን ቀን እንቅልፍ ያበላሻል፣ ድካሙንም ለነገ ያስተላልፋል። ይህን የምለው ባለሙያውን ለመውቀስ ሳይሆን ክፍሉን ለሚመራው ሰው ምልክት እንዲሆን ነው፤ ሠራተኛው በጫት የሚያድርበት ክፍል ፕሮግራሙ ሊመረመር ይገባዋል።

ከሦስቱ የሚበልጠው የታቀደ ማሸለብ ነው። በአሜሪካ የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 40 ደቂቃ የማሸለቢያ ዕድል የተሰጣቸው ባለሙያዎች ጠዋት ሲፈተኑ ትኩረታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥንቃቄውም እዚያው ታይቷል፤ እንደነቁ ወዲያውኑ የማስታወስ አቅማቸው ለጊዜው ዝቅ ብሎ ነበር። ስለዚህ የነቃ ሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል የማግኒዥየም ሰልፌት መጠን እንዲያሰላ ወይም ለሕፃን መድኃኒት እንዲቀምም አይታዘዝ። አንድ ፍራሽ፣ የሚዘጋ በር፣ በክፍሉ ሰሌዳ ላይ የማን ተራ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ተራ የያዘውን ሰው ሕመምተኞች የሚረከበው ባልደረባ ስም፤ ይህ ሁሉ ለበጀት አይከብድም። የሚከብደው ተረኛ ተኝቶ ተገኘ ብሎ የሚቆጣ ሱፐርቫይዘር ካለ ነው። ፈቃዱ በቃል ሳይሆን በሜዲካል ዳይሬክተሩ ፊርማ በጽሑፍ ይውጣ።

ረዳት እጅ መጨመር

ለብዙ ክፍሎች ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው አማራጭ ይህ ነው፤ ስብሰባ ላይ ብዙም አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2002 በፔንሲልቬኒያ ሆስፒታሎች በተደረገ የታወቀ ጥናት፣ ለአንዲት ነርስ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር የነርሷ የመዛል ዕድል 23 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ሕመምተኛው የመሞት ዕድሉ ደግሞ 7 በመቶ ከፍ እንደሚል ታይቷል። ነርስ መቅጠር በክፍሉ ኃላፊ እጅ ላይኖር ይችላል። ነርሷ ነርስነት የማይጠይቅ ሥራ ላይ የምታጠፋውን ሰዓት መመለስ ግን ብዙ ጊዜ በእጁ ነው።

አንዲት የሌሊት ነርስ በአንድ ፈረቃ ምን እንደምትሠራ ተከትሎ ማየት ይበቃል። ናሙና ይዛ ወደ ላብራቶሪ ትሄዳለች፤ ውጤቱ አልደረሰም ተብላ ትመለሳለች፤ የኦክስጅን ሲሊንደር ከሌላ ክፍል ታስመጣለች፤ የጠፋ ካርድ ትፈልጋለች፤ ለደም ወደ ደም ባንክ ሰው ትልካለች፤ ከሩቅ ገጠር የመጣና ግቢውን የማያውቅ አስታማሚ መድኃኒት ቤቱን እንዲያገኝ በሩ ድረስ ታወጣዋለች። በእያንዳንዱ ጉዞ ክፍሉ ባዶውን ይቀራል። ለሁለት ወይም ለሦስት ጎረቤት ክፍሎች የሚያገለግል አንድ የሌሊት ተላላኪ ከሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ መቅጠር፣ በሆቴል ከሚካሄድ አንድ ሥልጠና ወጪ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። እረፍቱንም ተረካቢ ያለው እረፍት ያደርገዋል፤ ነርሷ ባታሸልብ እንኳ ትቀመጣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ከሕመምተኛዋም አጠገብ ትሆናለች። ትንሽ ልጅ ላላቸው እናቶች የሕፃናት ማቆያ ከዚሁ ወገን ነው፤ ሌሊት ሠርታ የወጣች እናት ቀን የምትተኛው ልጇን የሚይዝላት ሰው ካለ ብቻ ነው።

መነጋገር፦ በቡድን፣ አንድ ጊዜ ወይስ ከአማካሪ ጋር?

አንዲት እናት በወሊድ ስትሞት ወይም ሕፃን በእጅ ላይ ሲያልፍ የክፍሉ ሰው ሁሉ ይጎዳል። በዚያው ቀን ሁሉንም ሰብስቦ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስተረክና ስሜታቸውን ማናገር የተለመደ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ የግዴታ ውይይት በኋላ የሚመጣውን የሥነ ልቦና ጉዳት እንደማይከላከል ጥናቶች ስላሳዩ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። በምትኩ የሚመክረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ባለሙያው ቀሪውን ሰዓት የሚረከበው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ፣ መናገር ከፈለገ መስማት፣ ካልፈለገ አለማስጨነቅ፣ ወደ ቤቱ የሚያደርሰውና አብሮት የሚያድር ሰው እንዳለ ማረጋገጥ።

የባልደረቦች ቡድን የተለየ ነገር ነው። በሃንጋሪው ተወላጅ ሐኪም ሚካኤል ባሊንት ለንደን ውስጥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ዓይነት፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች በቋሚነት እየተገናኙ ያስቸገራቸውን ሕመምተኛ የሚነጋገሩበት ቡድን፣ ለዛለ ሰው ይጠቅማል፤ ወጪውም ጀበና ቡናና አንድ ክፍል ነው። ሁለት ነገሮች ያበላሹታል። አንደኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ መደረጉ ነው፤ ያደረ ሰው ለመነጋገር ተብሎ እስከ ቀትር ከቆየ እንቅልፉን ከፍሏል። ሁለተኛው ወደ ግምገማ መለወጡ ነው። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ በአገራችን ወዴት እንደሚያመራ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ የክፍሉ ኃላፊ ማስታወሻ ይዞ የተቀመጠበት ቡድን ውስጥ ልቡን የሚከፍት ባለሙያ አይኖርም። አወያዩ ከሌላ ክፍል ይምጣ፤ ቃለ ጉባኤ አይያዝ። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ሰው የማይወቀስበት መሆን እንዳለበት ቢደነገግም፣ የሞቱን ምክንያት የሚመረምረው ስብሰባና ባለሙያዋን የሚያጽናናው ግንኙነት በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሆን የለባቸውም።

የግል ምክርና የአእምሮ ሕክምና ድባቴ፣ የቆየ የእንቅልፍ መታወክ ወይም የሱስ ችግር ላለበት ባለሙያ ምትክ የለውም። ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ባልደረባ ካለ ቡድንም ቀጠሮም ሳይጠበቅ፣ ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ወደ አእምሮ ሐኪም ሊደርስ ይገባዋል። በጅማ ባለሙያ አይጠፋም፤ ዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው። ዋናው መሰናክል ምስጢር ነው። ከተማው አይሰፋም፤ አንድ ነርስ በራሱ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ሲሰለፍ ተማሪውም ባልደረባውም ያየዋል። ስለዚህ አንዱ ተቋም የሌላውን ሠራተኞች ከመደበኛው ሰዓት ውጭ እንዲያይ መስማማት ወይም ምክሩን በስልክ ማድረግ ይሻላል።

የጤንነት ቀን፣ የምስክር ወረቀት፣ የመቋቋም ችሎታ ሥልጠናና የመሳሰሉት ከረዱ የሚረዱት ከላይ ያሉት ከተሠሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ ከ46,000 በላይ ሠራተኞችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ በግለሰብ ላይ ያተኮሩ የደኅንነት ፕሮግራሞችን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ ሁኔታ ላይ ሆነው እንዳላገኛቸው አስታውቋል። የሐኪሞችን መዛል የመረመሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2017 (እ.ኤ.አ.) ትንተናም በተቋም ደረጃ የተወሰዱ እርምጃዎች ለግለሰቡ ብቻ ከሚሰጡት የበለጠ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል።

በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ

በሰርቦ፣ በአጋሮ ወይም በሸቤ ያለ ጤና ጣቢያ የሆስፒታልን ምርጫ እንዳለ ሊገለብጥ አይገባም። እዚያ የሰው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ፈረቃ ከማብዛት ይልቅ አድሮ የወጣውን ሰው በማግስቱ ሙሉ ቀን ማሳረፍና የዓመት ፈቃድን በየተራ በጊዜው መስጠት ይበልጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪዎች ለቡድን ሥልጠና ወደ ጤና ጣቢያዎች በሚወጡባቸው ሳምንታት እጅ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ፈቃድ ማስወጣት ያጓጓል። ተማሪ ግን ኃላፊነት የሚቀበል ባለሙያ ስላልሆነ ተረካቢ ተብሎ መቆጠር የለበትም። በጤና ኬላ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ካሉ ድካማቸው ከሌሊት ተረኝነት ይልቅ ከእግር ጉዞ፣ ከሪፖርት ብዛትና በየሳምንቱ ከሚጨመር ዘመቻ ይመነጫል፤ ለእነርሱ የሚሻለው ወረዳው የሚጠይቃቸውን ቅጾች መቀነስና አንዷ ቤት ለቤት ስትወጣ ሌላዋ ኬላው ላይ የምትቀመጥበትን ተራ ማስከበር ነው።

የተመረጠው የትኛውም ይሁን፣ በአንድ ክፍል ለሦስት ወር ይሞከር። መጠይቅ ከማስሞላት በፊት በተረኝነት መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩ፤ አንዱ ባለሙያው በእርግጥ የወጣበት ሰዓት፣ ሌላው የተረካቢው ስም። በየሳምንቱ መጨረሻ ሜትሮኗ ዓምዶቹን ትመልከት። ስም ያልተጻፈበት ወይም ጠዋት 3 ሰዓት የተባለው 8 ሰዓት የሆነበት ቀን ካለ፣ ያደረውን ሰው ሳይሆን ፕሮግራሙን ያወጣውን ሰው ጠርታ ማን ሊረከብ እንደነበረና ለምን እንዳልመጣ ትጠይቅ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም መልሱ ሳይገኝ አይለጠፍ።